ነጋዴው ኮስማስና የመረግድ ምስክርነቱ

ስለ አክሱም መንግሥት ንግድ የተጻፈ መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ ሁሉ አንድ ስም ሳያገኝ አያልፍም፤ ኮስማስ የሚባለውን የእስክንድርያ ነጋዴ። ይህ ሰው የኖረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ6ኛው መቶ ዓመት ነው (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ በኩል የአገራችን ታሪክ ባለውለታ ነው፤ በአዱሊስና በአክሱም ያየውንና የሰማውን ጽፎ ትቶልናልና። በሌላ በኩል ደግሞ የሊቃውንት መሣለቂያ ሆኖ ኖሯል፤ መሬት ክብ ናት የሚሉትን ክርስቲያኖች ሁሉ ከሃይማኖት ወጥተዋል ብሎ የከሰሰ እርሱ ነውና። እንግዲህ በዚህ ነገር ያን ያህል የተሳሳተ ሰው በሌላው ነገር ምስክርነቱ ይታመናል ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ የቆዩት የታሪክ ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን የከበሩ ድንጋዮችን የሚመረምሩ ኬሚስቶችም ገቡበት። እኛም እዚህ ጉደር ግቢ አፈርና ውሃ መመርመር የምንማር ስለ ሆንን ነገሩ ይቀርበናል ብለን የዚህን ሰው ሕይወት ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አሰብን።

ኮስማስ የሚለው ስም ራሱ ወላጆቹ ያወጡለት ለመሆኑ ያጠራጥራል። ስሙ የሚገኘው ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፥ በ11ኛው መቶ ዓመት በተገለበጡ ብራናዎች ላይ ነው። በግሪክ ቋንቋ ኮስሞስ ማለት ዓለም ማለት ስለ ሆነ ስለ ዓለም ቅርጽ ለጻፈ ሰው የተሰጠ ቅጽል ሳይሆን አይቀርም። ኢንዲኮፕሌውስጤስ የሚለው ተቀጥላም ወደ ሕንድ በመርከብ የሄደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕንድን በእግሩ ረግጧል ወይስ ከነጋዴዎች የሰማውን ነው የጻፈው በማለት ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። እርሱ ራሱ የሚለው በሮም ባሕር፥ በዐረብና በፋርስ ባሕረ ሰላጤዎች በመርከብ መጓዙን ነው።

ትምህርት እንደሚጎድለው ሳያፍር ይናገራል። ከልጅነቱ ጀምሮ በንግድ ስለ ተያዘ የግሪክን የንግግርና የፍልስፍና ትምህርት ለመማር ጊዜ አላገኘም። በስተ እርጅናው ዓይኑን ይታመም ነበር፤ ሆዱም እየደረቀ ያስቸግረው ነበር። ይህን ሁሉ የሚነግረን መጽሐፉን እንዲጽፍ ለወተወተው ለጳምፊሎስ ለኢየሩሳሌሙ ሰው ሲያመካኝ ነው። መምህሬ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ከፋርስ ወደ እስክንድርያ መጥቶ የነበረው፥ በኋላም የፋርስ ቤተ ክርስቲያን አለቃ የሆነው ማር አባ ነው። ዓለም በሙሴ ድንኳን አምሳል ተሠርታለች፥ ወለሏ ጠፍጣፋ ጣራዋም ቆልማማ ነው የሚለውን ትምህርት ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ስሕተቱ እንግዲህ ከመምህር የተቀበለው ነበር። እኛን የሚጠቅመን ግን ከመምህር ሳይቀበል በገበያና በመርከብ ላይ የለቀመው ነው።

አንድ ጊዜ ከአፍሪካ ቀንድ ወዲያ ወደ ደቡብ ሲጓዙ መጠናቸው እጅግ ትልቅ የሆኑ የባሕር ወፎች መርከባቸውን ከበው ሰማዩም ጠቆረባቸው። መርከበኞቹና መንገደኞቹ ወደ ታላቁ ውቅያኖስ ልንገባ ነው ብለው ፈሩ፤ መሪው ወደ ግራ እንዲመልሳቸውም ጮኹበት። ወፎቹ መርከቡን ብዙ ርቀት ተከተሉት። ኮስማስ ይህን ሲተርክ ፍርሃቱን አይደብቅም፤ ጀግና መስሎ ለመታየት አለመሞከሩን እኛ ለምስክርነቱ እንደ አንድ ማስረጃ እንቆጥረዋለን።

ወደ አዱሊስ የመጣው ዩስጢኖስ በሮም በነገሠበት ዘመን መጀመሪያ፥ ማለት ከ518 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። ያን ጊዜ ዐፄ ካሌብ ባሕሩን ተሻግረው የሕምያርን ንጉሥ ለመውጋት ይዘጋጁ ነበር። ኮስማስ የንጉሡን ስም ኤላጽባስ ብሎ ይጽፈዋል፤ ይህም እለ አጽብሐ የሚለው የዙፋን ስማቸው ነው። በአዱሊስ ከተማ በር፥ ወደ አክሱም በሚያወጣው መንገድ ላይ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ዙፋን ቆሞ ነበር። ከበስተኋላውም የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ነበር። በሁለቱም ላይ የግሪክ ጽሕፈት ተቀርጾባቸዋል። ንጉሡ ለአዱሊስ ገዥ ለአስባስ ጽሕፈቱ ተገልብጦ ይላክልኝ ብለው አዘዙ። አስባስም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ለሌላ ነጋዴ ሰጣቸው። እነርሱም ገልብጠው አንዱን ለገዥው አስረከቡ፤ ሁለተኛውን ኮስማስ ለራሱ አስቀረ። ሜናስ በኋላ በራይቱ ገዳም መንኩሶ ሞተ።

እዚህ ላይ የሰውየው ጠባይ በግልጽ ይታያል። የሐውልቱ ጽሕፈት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግብፅ ንጉሥ የሣልሳዊ በጥሊሞስ ነበር። የዙፋኑ ጽሕፈት ግን ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻ ታሪክ ነበር። ኮስማስ ሁለቱን አንድ ጽሕፈት አድርጎ ቆጥሮ ሁሉንም ለበጥሊሞስ ሰጠው። ትርጓሜው ስሕተት ነበር፤ ግልባጩ ግን ትክክል ሆኖ ስለ ቆየ የኋላ ሊቃውንት ሁለቱን ለይተው ለማንበብ ቻሉ። ዙፋኑም ሐውልቱም ዛሬ የሉም፤ ያ የአክሱም ንጉሥ የዘመተባቸውን አገሮች ስም ዝርዝር የምናነበው ከዚህ ነጋዴ እጅ ብቻ ነው። ያየውን በትክክል ይመዘግባል፤ ሲፈላሰፍ ግን ይሳሳታል። ስለ ድንጋዮቹ የጻፈውንም ስናነብ ይህን ልብ ማለት ይገባል።

ስለ አገራችን ወርቅ የጻፈውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢሆንም ለጉደር ልጆች አንድ ነገር እናክልበት። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደምትባል አገር ሰዎች ይልካል። ነጋዴዎችም ይከተሏቸውና ከ500 በላይ ሆነው በሬ፥ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዳሉ። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ሠርተው ይሰፍራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውንና ሌላውን ሸቀጥ በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ግብጦ የሚያህል የወርቅ ፍሬ አምጥተው ከፈለጉት ሸቀጥ አጠገብ ያኖሩና ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ሸቀጡ ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል። አንዳችም ቃል አይለዋወጡም። ጉዞው በመሄድና በመምጣት ስድስት ወር ይፈጃል። ሲመለሱም ክረምት እንዳይደርስባቸው እጅግ ይቸኩላሉ፤ ምክንያቱም የዐባይ ምንጮች በዚያ በኩል ናቸውና በዝናቡ ኃይል ወንዞቹ ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ። የክረምቱን ወራት ሲያስረዳም ከኤጲፊ እስከ ቶት ነው ይላል። የግብፅ ወራትና የእኛ ወራት አንድ ስለ ሆኑ ይህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ማለት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ሳሱን ከዐባይ ቁልቁለት ከፋዞግሊና ከቤኒሻንጉል አካባቢ ጋር ያያይዙታል። የጉደር ወንዝም በሐምሌ ደፍርሶና ሞልቶ የሚወርደው ወደዚያው ወደ ዐባይ ነው። ፏፏቴውን በሐምሌና በጥር ያየ ሰው የእነዚያ ነጋዴዎች ጥድፊያ ከየት እንደ መጣ አስረጅ አያስፈልገውም።

ስለ ታፕሮባን፥ ማለት ስለ ዛሬዋ ስሪላንካ የሚነግረን ታሪክ ደግሞ ከአንድ ሶጳጥሮስ ከሚባል የሮም ነጋዴ የተሰማ ነው። ሶጳጥሮስ ወደ ደሴቲቱ የገባው ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ነበር። በዚያው ጊዜ የፋርስ መርከብ ደርሶ ኖሮ ሁለቱ በንጉሡ ፊት ቀረቡ። ንጉሡም ከሁለቱ ነገሥታት ማን ይበልጣል ብሎ ጠየቀ። ፋርሳዊው ቀድሞ የንጉሡን ኃይል ረጅም አድርጎ አወራ። ሶጳጥሮስ ግን ሁለቱም ነገሥታት እዚህ አሉ፤ ገንዘባቸውን አምጥታችሁ አስተያዩ አለ። የሮሙ ጥሩ ወርቅ ሆኖ ተገኘ፤ የፋርሱ ብር ነበረ። ንጉሡም ለሮሙ ፈረደ፥ ሶጳጥሮስንም በዝሆን አስቀምጠው ከበሮ እየመቱ ከተማውን አዞሩት። ወሬው እንደ ማንኛውም የነጋዴ ወሬ ሳይጋነን አይቀርም። የምንወድለት ግን ክርክሩ በአፍ ብዛት ሳይሆን በማዕድኑ ምርመራ ማለቁን ነው።

አሁን ወደ መረግዱ እንምጣ። በመጽሐፉ 11ኛ ክፍል ኮስማስ የሕንድ ሰዎች የመረግድን ድንጋይ እጅግ እንደሚወዱ ይናገራል። ድንጋዩን ወደዚያ የሚወስዱት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እነርሱም የሚያገኙት ከብሌምዬስ ሕዝብ ነው። በዋጋውም ሌላ ብርቅ ሸቀጥ ገዝተው ይመለሳሉ። ብሌምዬስ የተባሉት በዐባይና በቀይ ባሕር መካከል በበረሃ የሚኖሩ፥ ብዙዎች ከቤጃ ጋር አንድ የሚያደርጓቸው ሕዝብ ናቸው። የጻፈው ይኸው ነው፤ ጥቂት መስመር ነው። እውነት ከሆነ ግን የአክሱም ነጋዴ የራሱን ዝሆን ጥርስና ወርቅ ከመሸጥ አልፎ የሌላውን ማዕድን ገዝቶ ባሕር ተሻግሮ የሚያተርፍ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህም ስለ አክሱም ኢኮኖሚ ያለንን አስተሳሰብ ይለውጣል።

ምስክርነቱን ለመመርመር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቁፋሮ ነው። በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ሲካይት የሚባለው ሸለቆ የሮማውያን የመረግድ ማዕድን ቦታ ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ብሌምዬስ አገር የሄደው ኦሊምፒዮዶሮስ ማዕድኑ በእነርሱ ንጉሥ እጅ እንደ ነበረ ጽፏል። በቅርብ ዓመታት የስፔንና የፖላንድ አርኬኦሎጂስቶች በሲካይት ሲቆፍሩ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ቤቶቹ በብሌምዬስ እጅ እንደ ነበሩ የሚያመለክት ማስረጃ አግኝተዋል። በዚህ በኩል ነጋዴው አልዋሸም።

ሁለተኛው መንገድ የድንጋዩ ኬሚስትሪ ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአምቦ ውሃ ይበቃናል። የአምቦን ውሃ የለመደ ሰው በብርጭቆ ተቀድቶ ቢሰጡት መለያው ሳይነገረው ያውቀዋል። ውሃው ከመሬት በታች ሲዞር ከዐለቱ ሶዲየም፥ ካልሲየም፥ ማግኒዚየም ይዞ በጋዝ ተሞልቶ ስለሚወጣ የመጣበትን መንገድ በአፍ ላይ ይመሰክራል። መረግድም እንዲሁ ነው። ከመሬት በታች የጋለ ውሃ በዐለት ስንጥቅ ሲያልፍ ቤሪሊየም፥ አሉሚኒየም፥ ሲሊኮንና ኦክሲጅን ተዋሕደው ይረጉና ድንጋዩ ይፈጠራል። የፈረንሳዩ ኬሚስት ቮክላን ቤሪሊየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያሳወቀው በ1798 ከዚሁ የድንጋይ ዘር ነው። አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ነው። ሁሉም መረግድ በዋናው ቅመም አንድ ነው፤ የሚለያየው በጉድፉ፥ ማለት በሲሲየም፥ በሊቲየም፥ በብረትና በመሳሰለው መጠን ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ኦክሲጅኑ ይናገራል። ኦክሲጅን ቀላልና ከባድ አይሶቶፕ አለው፤ 16 እና 18 ይባላሉ። ድንጋዩ ሲረጋ የሁለቱን መጠን የሚወስነው የዚያ ቦታ ዐለትና ውሃ ነው።

ቀድሞ ይህን ለመለካት ድንጋዩን መፍጨት ያስፈልግ ነበር። የንጉሥ ዘውድ ፍጩልን የሚል ሙዚየም ደግሞ የለም። በኋላ የአዮን ጨረር የሚተኩስ መሣሪያ ሲሠራ በዓይን የማይታይ፥ ከጠጉር የቀጠነ ነጥብ ብቻ ጭሮ መለካት ተቻለ። በ2000 ጋስቶን ጁሊያኒ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅና ጓደኞቹ በዚህ ዘዴ የታወቁ ጥንታዊ መረግዶችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የከባዱ ኦክሲጅን ብልጫ ከባሕር ውሃ ጋር ሲነጻጸር በሺህ በኦስትሪያው ሐባኽታል 7 ያህል፥ በግብፅ 10 ያህል፥ በፓኪስታኑ ስዋት ሸለቆ ከ15 በላይ፥ በኮሎምቢያ ከ16 ጀምሮ እስከ 25 ይደርሳል። ቁጥሮቹ በአንዳንድ አገሮች መካከል ስለሚደራረቡ ብቻቸውን አይፈርዱም፤ ሌላው ጉድፍ አብሮ ይታያል። እንዲህ ሆኖ የፈረንሳይ ቅዱስ ዘውድ መረግድ ከኦስትሪያ ተራሮች የወጣ መሆኑ ታወቀ። በሐይደራባድ ነገሥታት ግምጃ ቤት የነበሩትና ነጋዴዎች ከጠፋ የእስያ ማዕድን የመጡ ናቸው ሲሉ የኖሩት ከፊሎቹ ከአፍጋኒስታን፥ ከፊሎቹ ከኮሎምቢያ ሆነው ተገኙ። በሮማውያን ዘመን ጎል ይባል በነበረው በፈረንሳይ አገር የተገኘ አንድ የጆሮ ጌጥ ደግሞ ከግብፅ መሆኑ ቀርቶ ከስዋት ሆነ።

ይህ የጆሮ ጌጥ ለኮስማስ ወዳጆች ጭንቅ ያመጣል። ኮስማስ መረግድ ከአፍሪካ ወደ ሕንድ ይሄዳል ይላል፤ ኬሚስትሪው ግን ከሕንድ ሰሜን ወደ ሮም የመጣ መረግድ ያሳየናል። ሕንዶች በራቸው ላይ ስዋት እያለላቸው ከአዱሊስ ሰው ለምን ይገዛሉ? እንደ እኛ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም። የጆሮ ጌጡ ከኮስማስ ዘመን በፊት የነበረ ነው። በኮስማስ ዘመን ደግሞ በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ነጭ ሁኖች የሚባሉ ወራሪዎች ገንነው ነበር፤ እርሱ ራሱም ስለ ንጉሣቸውና ስለ ዝሆኖቹ ጽፏል። በጦርነት መንገድ ሲዘጋ በባሕር የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ከፍ ማለቱ ዛሬም የምናየው ነው። በዚያውም ላይ ቃሉን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በግሪክ መረግድ የሚባለው ስም ብዙ ዓይነት አረንጓዴ ድንጋይ ይሸፍን ነበር።

ስም የሚወጣው ከወጣበት አገር ሳይሆን ከተሸጠበት ገበያ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን ከቡናችን እናውቀዋለን። ከሐረር ተራራ የተለቀመ ቡና ባሕሩን ተሻግሮ በየመን ወደብ ስም ሞካ ተብሎ ዓለምን ዞሯል። ከብሌምዬስ የተገዛው ድንጋይም በሕንድ ገበያ የማን ተብሎ እንደ ተጠራ መገመት ቀላል ነው። ኬሚስትሪ የማዕድኑን ጉድጓድ ያሳውቃል፤ ድንጋዩን የተሸከመው ግመልና መርከብ ግን በድንጋዩ ውስጥ አይመዘገብም። ስለዚህ በመካከል ያለውን ነጋዴ የሚያሳውቀን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የአክሱም ሰዎች በዚህ ንግድ ውስጥ ስማቸው የተገኘውም ኮስማስ ስለ ጻፈ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለነው ተማሪዎች ይህን እንዳንረሳ ያስፈልጋል፤ የታሪክ ክፍል ጓደኞቻችንም እንዲሁ የእኛን ሚዛን ባይንቁ ደግ ነው።

ቀዩ ድንጋይ ጋርኔት ደግሞ ነገሩን ያጠናክረዋል። ኮስማስ ከሕንድ አካባቢ ካቤር የምትባል ወደብ አላባንዴኖን የተባለ ዕቃ ወደ ውጭ እንደምትልክ ይጽፋል፤ ብዙዎች ጋርኔት ነው ይሉታል። በ6ኛው መቶ ዓመት የፈረንጅ ነገሥታትና ባላባቶች ጋርኔት በወርቅ ላይ ማስገጠም እጅግ ይወዱ ነበር። በፓሪስ አጠገብ በቅዱስ ዲዮናስዮስ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ከተገኙት ጌጦች የተወሰዱ ድንጋዮች በሉቭር ሙዚየም በፕሮቶን ጨረር ተመርምረው ውጤቱ በ2002 ታተመ። ድንጋዮቹ በብረት፥ በማግኒዚየም፥ በካልሲየምና በክሮሚየም መጠን ሲለዩ የቀደሙት ከሕንድና ከስሪላንካ፥ በ7ኛው መቶ ዓመት የመጡት ትናንሾቹ ደግሞ ከቦሔሚያ ሆኑ። ለውጡ ለምን ሆነ ሲባል ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የቀይ ባሕር መንገድ መታወክ ነው፤ በ570 አካባቢ ፋርሶች የመንን ያዙ፥ የአክሱምም የባሕር ኃይል ደከመ። የአዱሊስ ችግር በፈረንሳይ ሴት አንገት ላይ ታየ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ኮስማስ መጽሐፉን የጻፈው በ550 ገደማ፥ ከአዱሊስ ጉዞው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ በእስክንድርያ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባለው ታላቅ ሊቅ መሬት ክብ መሆኗን ያስተምር ነበርና ነጋዴው ከእርሱ ጋር ክርክር ገጠመ። መንኩሶ ሞተ የሚሉ አሉ። ከ300 ዓመት በኋላ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎጥዮስ መጽሐፉን አንብቦ አጻጻፉን ተራ፥ ነገሩንም የማይታመን ብሎ ነቀፈው። ሥዕሎች ያሉባቸው የመጽሐፉ ብራናዎች በቫቲካን፥ በሲናና በፍሎረንስ ይገኛሉ፤ የአዱሊስ ዙፋንም ተሥሎባቸዋል። ሞንፎኮን የሚባለው መነኩሴ በ1706 በፓሪስ አሳተመው፤ ከዚያ በኋላ የአክሱምን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከእርሱ ሳይበደር አልጻፈም።

በአገራችንም ጉዳዩ አላለቀም። በ2016 በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ ጥሩ መረግድ ተገኝቶ በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ቅመሙ ተመርምሯል። የግብፁ የሲካይት ድንጋይም እንዲሁ ተመዝግቧል። በ2019 ዜናው የታተመው ቤተ ሰማዕቲ በምትባለው፥ በየሓ አጠገብ በምትገኘው የአክሱም ዘመን ከተማ ደግሞ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ድንጋይ ያለው የወርቅ ቀለበት ተገኝቷል። እንደዚሁ ነገ ከአንድ የአክሱም መቃብር አረንጓዴ ድንጋይ ቢወጣ ከሻኪሶ ይሁን ከሲካይት ወይም ከስዋት ለመለየት የሚያስፈልገው መነጻጸሪያ ከሞላ ጎደል በእጅ ነው።